በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ከሰው ጋር መገናኘት ለጤናቸው ምን ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ወላጆቻቸው እያረጁ ያሉ ልጆች፣ ተንከባካቢዎችና አረጋውያኑ ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ሁሉ ከአንድ እምነት ይነሳሉ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ጠያቂ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ እሱን የሚፈልገው ሰውም ያስፈልገዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሰው ጋር መቀራረብ እውነት ጤና ላይ ለውጥ ያመጣል? ወይስ ደስ ስለሚል ብቻ ነው የሚወራለት?

ለውጥ ያመጣል፤ ይህ ከታወቀም ቆይቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ በተባለ አውራጃ የሚኖሩ 6,928 ጎልማሶችን ከ1965 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም ውጤቱን በ1979 ይፋ ሲያደርጉ፣ ትዳርም ወዳጅ ዘመድም ማኅበርም የሌላቸው ሰዎች በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው፣ ሰው ካላቸው ጋር ሲነጻጸር በእጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራው፣ መጠጡ፣ ውፍረቱና ቀድሞ የነበረው የጤና ሁኔታ ሁሉ ተሰልቶ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

በ2010 ጁሊያን ሆልት-ላንስታድና ባልደረቦቿ ከ300,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 148 ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዓመት ከ871,000 የሚበልጥ ሞትም ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ይህ ሲካፈል በየሰዓቱ ወደ 100 ሰው ይመጣል።

እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው ሰዎችን በዓመታት የተከታተሉ እንጂ በሙከራ የተደረጉ አይደሉም፤ ማንንም ሰው አንስቶ ብቻውን እንዲኖር መመደብ አይቻልምና። ቢሆንም በተለያዩ አገሮች፣ በተለያየ ዘመን፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ ተሠርተው ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ብቸኝነትና ብቻን መኖር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ብቸኝነት ስሜት ነው፤ ያለን ግንኙነት ከምንመኘው ሲያንስ የሚመጣ። ከሰው ተነጥሎ መኖር ደግሞ ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው፦ በወር ስንት ሰው አየ? ቢታመም የሚጠራው ማንን ነው? ብቻዋን የምትኖር፣ ግን በሯ በየቀኑ የሚንኳኳ ሴት ብቸኝነት ላይሰማት ይችላል። ቤት ሙሉ ሰው መሀል ተቀምጦ ብቸኝነት የሚበላው አዛውንት ደግሞ አለ።

ጤናን ግን ሁሉም ይነካሉ። ሆልት-ላንስታድ በ2015 ባወጣችው ሌላ ትንተና ብቸኝነት በ26፣ ከሰው መነጠል በ29፣ ብቻን መኖር በ32 በመቶ ከፍ ካለ የሞት ዕድል ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ የትኛው እንዳለ መለየት ይጠቅማል። ሰው ለሌለው ሰው መገናኛ መፍጠር ሊበቃ ይችላል፤ ሰው እያለው ብቸኝነት ለሚሰማው ግን ጎብኚ መጨመር ብዙ አይረዳም።

ብቸኝነት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ጆን ካሲዮፖ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ብቸኝነትን ከረሃብና ከጥም ጋር ያመሳስለው ነበር። ረሃብ ወደ ምግብ እንደሚነዳን፣ ብቸኝነትም ወደ ሰው እንድንመለስ የሚቀሰቅስ ምልክት ነው። ችግሩ የሚመጣው ምልክቱ ለወራትና ለዓመታት ሳይመለስ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሰውነት ሁልጊዜ አደጋ እንደሚጠብቅ ሆኖ ይኖራል። የጭንቀት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የደም ግፊት በዓመታት ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል፣ በሰውነት ውስጥ የቆየ ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያሳዩ ምልክቶችም ይበዛሉ። በ2016 የታተመ የጥናቶች ትንተና ደካማ የሰው ግንኙነት በልብ የደም ሥር በሽታ በ29፣ በስትሮክ ደግሞ በ32 በመቶ ከፍ ካለ ዕድል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ጎን ቀላል የሆነ፣ ግን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ምክንያት አለ፦ የሚያይ ዓይን። በየሳምንቱ አብሯቸው የሚቀመጥ ወዳጅ ያላቸውን አንድ አዛውንት እናስብ። ወዳጃቸው የእግራቸው እብጠት ጫማ እንዳስጠበበባቸው ያስተውላል። ከወንበር ሲነሱ ባለፈው ሳምንት አንድ እጅ ይደገፉ የነበሩት ዛሬ በሁለት እጃቸው እንደሚደገፉ ያያል። «ያንን ክኒን ዛሬም ረሳኸው?» ይላል። ይህን ሐኪም በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሰጥ ቀጠሮ ሊያየው አይችልም። ሰው የሌላቸው ሰው ሕመም የሚታወቀው ከወደቁ በኋላ ነው።

ከሰው ጋር መጫወት የመርሳት በሽታን ይከላከላል?

ዕድሉን ይቀንሳል ማለት ይቻላል፤ ይከላከላል ብሎ ቃል መግባት ግን ልክ አይሆንም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የመርሳት በሽታ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ከሰው መነጠል አንዱ ነው። የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድብርትና ያለ እንቅስቃሴ መኖርም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። አሥራ አራቱም በሙሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ኮሚሽኑ ይገምታል።

ጨዋታ ለአእምሮ ከባድ ሥራ ነው። የሰውን ስም ማስታወስ፣ የወሬውን መስመር መከተል፣ ተራን መጠበቅ፣ ፊትን ማንበብ፣ ትናንት የተባለውን ከዛሬው ጋር ማያያዝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሆኑ ናቸው። በሌላ በኩል ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል። የመርሳት በሽታ ገና ሳይታወቅ ሰውን ከሰው ያርቃል፤ ስም የጠፋበት ሰው እንዳያፍር ብሎ ከጨዋታ ይሸሻል። ስለዚህ ተጫዋች የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ዝም ሲል «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

እርጅና ከመጣ ብቸኝነት አይቀርም ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም ብቸኝነት ተሰማኝ የሚሉ ሰዎች ቁጥር በወጣቶች ዘንድ ከፍ ብሎ የሚታይባቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው። ሎራ ካርስተንሰን የተባለች የሥነ ልቦና ምሁር ለዓመታት ባደረገችው ምርምር ሰው ዕድሜው ሲገፋ የወዳጆቹን ቁጥር ራሱ ፈልጎ እንደሚቀንስ አሳይታለች፤ ቀሪው ጊዜ ውስን መሆኑን ሲያውቅ ልቡ ለቀረቡት ያደላል። አክስትዎ ድሮ ከሚያውቋቸው ሰዎች ብዙዎቹን ትተው ከሦስት ሴቶች ጋር ብቻ ቢውሉና ደስተኛ ቢሆኑ የሚታከም ነገር የለም። አሳሳቢ የሚሆነው ከሦስቱ ሁለቱ ሲሞቱ ነው።

እናታችን የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ ምንም አልጎደለባትም። ታዲያ ለምን «ብቻዬን ነኝ» ትላለች?

ከሁሉም ጥያቄ ይህን በሰፊው መመለስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ በደግነትም የሚመጣ ጉዳት ነውና።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ይሆናል። እናት ወደ ልጃቸው ቤት ይገባሉ። ሁሉም ሊያሳርፋቸው ይፈልጋል። ዕቃ ሊያነሱ ሲሉ «ተዪው እማ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ይባላሉ። ልብስ ሊያጥፉ ሲሉ «አንቺ ቁጭ በይ፣ ብዙ ለፍተሻል»። የቤቱ ጉዳይ ሲመከር እሳቸው እንዳይጨነቁ ተብሎ በሌላ ክፍል ይወራል። ልጅ የታመመ እንደሆነ ከዳነ በኋላ ይነገራቸዋል። ስድስት ወር ሳይሞላ ሴትዮዋ የተከበሩ፣ የጠገቡ፣ የሞቃቸው፣ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ያለ እሳቸው የሚጎድል አንዳች ነገር የሌለ ሰው ይሆናሉ። ያኔ «ብቻዬን ነኝ» ሲሉ ሰው አጣሁ ማለታቸው ላይሆን ይችላል። የሚፈልገኝ የለም ማለታቸው ነው።

ሰው የሚኖረው በመቀበል ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሲሰጥ የኖረ ሰው መስጠት ሲከለከል በቤቱ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ጠያቂ ከመጨመር በፊት ሥራ ይመለስላቸው። ሥራው የውሸት መሆን የለበትም፤ እንዲውሉበት ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ወዲያው ይታወቃል፣ ያዋርዳልም። እሳቸው ካልሠሩት ሳይሠራ የሚቀር ነገር ይሁን። የልጅ ልጃቸው የሸሚዙ ቁልፍ ሲነቀል ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ አያቱ ይሂድ፤ መርፌው ውስጥ ክሩን እሱ ያስገባላቸው፣ ስፌቱን እሳቸው ይስፉ። እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኛው፣ ስለተጣላው ልጅ ሳይጠየቅ ያወራል።

ምክራቸውም ይጠየቅ። ተጠይቆ ደግሞ አልፎ አልፎ ይፈጸም። «እማ ምን ትያለሽ?» ተብሎ የማይደረግ ከሆነ አለመጠየቁ ይሻላል። መጥፎ ወሬም አይደበቅባቸው። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ሐዘን የመሸከም አቅሙ ልጆቹ ከሚገምቱት በላይ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከቤተሰቡ ጉዳይ ውጭ መሆናቸው ነው።

ስንት ወዳጅ ይበቃል?

የተቆረጠ ቁጥር የለም። በአረጋውያን ላይ በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቅ አንድ መለኪያ፣ የሉበን መለኪያ የሚባለው፣ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በወር አንዴ እንኳ የሚያገኟቸው ሰዎች፣ የግል ጉዳይ ደፍረው የሚያወሯቸው ሰዎች፣ ችግር ሲገጥም የሚጠሯቸው ሰዎች ስንት ናቸው? ጥያቄው ለዘመድና ለወዳጅ ለየብቻ ይቀርባል። ሁሉም ዘመድ ከሆነ፣ ወይም ሁሉም ነገር በአንዲት ልጅ ላይ ከተንጠለጠለ፣ መሠረቱ ጠባብ ነው። ያቺ ልጅ ብትታመም ወይም ሩቅ ብትሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ትንንሽ ትውውቆችም ዋጋ አላቸው። ጠዋት ሰላምታ የሚለዋወጡት ጎረቤት፣ ስማቸውን የሚያውቅ ባለሱቅ፣ በመንገድ ላይ የሚያገኙት ልጅ ሚስጥር ተካፋዮች አይደሉም፤ ግን «ትናንት አላየሁዎትም» የሚሉት እነሱ ናቸው።

አባቴ «ሰው አልፈልግም፣ ተዉኝ» ይላል። ላስገድደው?

አይገደዱም። መጀመሪያ ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ይፈልጉ፤ «አልፈልግም» ብዙ ጊዜ «አልችልም» ማለት ነውና።

ከሁሉ በፊት ጆሯቸውን ይመልከቱ። በቤተሰብ ጨዋታ መሀል ሁሉም ሲስቅ ትንሽ ዘግይተው የሚስቁ አባት አሉ፤ የሳቁት ቀልዱን ሰምተው ሳይሆን የሰውን ፊት አይተው ነው። «ምን አለ?» ሲሉ «ምንም አይደለም» ይባላሉ። በአንድ ምሽት ሦስትና አራት ጊዜ «ምንም አይደለም» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ክፍሉ ቢቀር አይፈረድበትም። የመስማት ምርመራና የመስሚያ መሣሪያ ብዙ የተዘጋ በር ይከፍታል። በ2023 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ፣ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን 977 ሰዎች ያሳተፈ ሙከራ ነበር። የመስማት ሕክምናው በአጠቃላይ በተሳታፊዎቹ የማሰብ ችሎታ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ጉልህ ልዩነት ባያሳይም፣ ለመርሳት ችግር ይበልጥ በተጋለጡት ዘንድ ግን የማሰብ ችሎታቸው መዳከም በ48 በመቶ ቀንሷል። መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ፊት ለፊት ሆኖ ማውራት፣ ቴሌቪዥኑን መዝጋት፣ አንድ በአንድ መናገር ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ሽንት ነው። ሽንት የማይቋጥር ሰው መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ወደማያውቀው ቦታ አይሄድም፤ ምክንያቱንም ለልጁ አይናገርም። ይህ ሊታከም የሚችል ነገር ስለሆነ ሐኪም በድፍረት ቢያነሳው ጥሩ ነው። የመውደቅ ፍርሃት፣ የጥርስ መውለቅ፣ በጨለማ አለማየት፣ ባዶ እጅን ይዞ ሰው ቤት የመሄድ እፍረትም አሉ። ለእያንዳንዱ የተለየ መላ ነው ያለው፤ «ውጣ፣ ተጫወት» የሚለው ምክር ግን ለአንዳቸውም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ታይቶም እንቢ ካሉ፣ ብቸኝነቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ብቸኛ የሆነ ሰው የሰውን ፊት በጥርጣሬ ማንበብ ይጀምራል፤ ያልደወለለት ሁሉ የጠላው ይመስለዋል። በ2011 የታተመ የጥናቶች ትንተና ብቸኝነትን ለመቀነስ ከተሞከሩት መንገዶች መካከል ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ከባለሙያ ጋር ማስተካከል ከሌሎቹ ይልቅ እንደሠራ አሳይቷል። ለቤተሰብ የሚቀረው ትንሽ መጀመር ነው፦ አንድ ሰው፣ አጭር ጊዜ፣ በሚያውቁት ቦታ፣ በሚወዱት ጉዳይ ላይ።

በተፈጥሮው ጸጥታ የሚወድ ሰው ግን አለ። ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፉንና ሬዲዮውን ይዞ በሰላም የኖረን ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ ወደ ጭፈራ መጎተት ተገቢ አይደለም።

ሩቅ ነው የምኖረው። ስልክ መደወል በአካል መገኘትን ይተካል?

አይተካም፤ ግን ከምንገምተው በላይ ይሠራል። በቴክሳስ ግዛት አብዛኞቹ ከቤት በማይወጡ 240 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2021 የታተመ ሙከራ ነበር። አጭር ሥልጠና ያገኙ፣ ባለሙያ ያልሆኑ ወጣቶች ለአራት ሳምንት ስልክ ደወሉላቸው፤ ወሬውን የሚመሩት ግን ተደዋዮቹ ነበሩ። በመጨረሻ የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነታቸውም፣ ድብርታቸውም፣ ጭንቀታቸውም ካልተደወለላቸው ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደዋዮቹ ዘመድ እንኳ አልነበሩም።

ለስልክ ሦስት ምክር አለኝ። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ «ሲመቸኝ እደውላለሁ» የሚባል ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየ ይውላል፣ የታወቀ ሰዓት ያለው ግን ጠዋቱን የሚነግረውን ያዘጋጃል። ሁለተኛ፣ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ወሬ ስላልሆነ ባለፈው ከተነገረው ጀምሩ፦ «ያ የጎረቤት ልጅ ፈተናውን አለፈ?» ሦስተኛ፣ ስልኩ የጤና ምርመራ አይሁን። መድኃኒት ወሰድክ? በላህ? ተኛህ? ብቻ የሚጠይቅ ልጅ ነርስ ሆኖ ይቀራል። የእርስዎንም ችግር ንገሯቸው፤ ምክር ጠይቁ።

ቪዲዮ ዓይን ለዓይን ስለሚያገናኝ፣ በተለይ የልጅ ልጅ ለማየት፣ ደስ ይላል። ማስተማሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስልኩን ነጥቆ ከማስተካከል ጣታቸው ራሱ እንዲነካው መተው ይሻላል።

ብቸኝነት ለአጭበርባሪ ያጋልጣል?

አዎ። በየቀኑ ደውሎ «እንዴት አደሩ» የሚል እንግዳ ሰው፣ ማንም በማይደውልበት ቤት ወዳጅ ይሆናል። ገንዘብ ተጭበርብረው ሲገኙ መቆጣት ሁለተኛ ጊዜ እንዲደብቁ ያደርጋል። ያን ሰው ለምን አመኑት ከማለት በፊት ስንት ቀን ሳይደወልላቸው እንደከረመ መጠየቅ ይቀድማል።

የትዳር ጓደኛ ሲሞት ምን ይደረግ?

ከባል ወይም ከሚስት ሞት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ለቀረው ሰው ሕይወት ጭምር አደገኛ መሆናቸውን ብዙ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ይሞላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ዝምታውም ያኔ ይጀምራል። ስለዚህ በሦስተኛውና በአምስተኛው ወር የሚመጣ ወዳጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከመጣው ያላነሰ ያስፈልጋል።

በብዙ ትዳር ውስጥ ወዳጅነቱን ይዛ የኖረችው ሚስት ናት፤ የምትደውለው፣ ልደት የምታስታውሰው፣ ዘመድ የምትጠይቀው እሷ ነች። እሷ ስትሄድ ባል ሚስቱን ብቻ ሳይሆን የሰውን መስመር ሁሉ ያጣል። ወንዶች ደግሞ «ና እንጫወት» ሲባሉ ያመነታሉ፣ «ና ይህን እንጠግን» ሲባሉ ይመጣሉ። ጎን ለጎን ሆነው እየሠሩ ማውራት ይቀልላቸዋል።

የሞተውን ሰው ስም መጥራት አይፍሩ። ስሙ ሲነሳ ቢያለቅሱ እርስዎ አላስለቀሷቸውም፤ እንባው ቀድሞም ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ መሠረት ሐዘኑ ከስድስት ወር በላይ በዚያው ብርታት ቆይቶ፣ በአካባቢው ከተለመደው አልፎ፣ ሰውየው መኖር እስኪያቅተው ከደረሰ ሕክምና የሚያስፈልገው የተራዘመ ሐዘን ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት ስብስብ ነው የሚጠቅመው?

የሚሠራ ነገር ያለበት፣ በታወቀ ቀን የሚደጋገም፣ ተሳታፊውም ኃላፊነት የሚይዝበት። አረጋውያንን ሰብስቦ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ አይሠራም።

የዚምባብዌውን የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር እንደ ምሳሌ ደጋግሜ አነሳለሁ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሐራሬ ሲጀምረው በከተማዋ የሥነ አእምሮ ባለሙያ በጣም ጥቂት ነበር። ስለዚህ በአካባቢው የሚኖሩ 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ ከጤና ጣቢያው ውጭ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐሳብ ያስጨነቃቸውን ሰዎች ያዳምጣሉ፣ አብረዋቸው መላ ይፈልጋሉ። በ2016 የታተመ፣ 573 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የታዩት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ አያቶቹ ታካሚ አይደሉም፤ ሐኪሙ ያጣውን እጅ የሞሉ ናቸው። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማም ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች በሳምንት 15 ሰዓት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው ሕፃናትን ማንበብ ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ ስለሚጠብቋቸው መቅረት አይችሉም፤ ከቤት መውጣቱም፣ መራመዱም፣ ማሰቡም ከዚያ ይመጣል።

የቤት እንስሳ ወይም ሮቦትስ?

ውሻ ሰውን ከቤት ያስወጣል፣ መንገድ ላይም ወሬ ያስጀምራል። መንከባከብ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። በጃፓን የተሠራችው ፓሮ የተባለች የባሕር እንስሳ መሰል ሮቦት የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለማረጋጋት በእንክብካቤ ቤቶች ታገለግላለች። ሁለቱም ድጋፍ ናቸው፤ ልጅ እንዳይመጣ ሰበብ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይበላሻል።

ባለቤቴን የማስታምመው እኔ ራሴ አረጋዊ ነኝ። የእኔ ብቸኝነትስ?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ከሚያስታምሙት ሰው ጋር ሃያ አራት ሰዓት ሆኖ ብቸኛ መሆን ይቻላል፤ በተለይ ያ ሰው ስምዎን መርሳት ከጀመረ። «ምን ላግዝ?» ለሚል ሰው «ምንም» አይበሉ። «ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ሰዓት አብረኸው ተቀመጥልኝ» ይበሉ። በዚያ ሁለት ሰዓት ደግሞ የቤት ሥራ አይሥሩ፤ ሰው ያግኙ።

አንድ አረጋዊ ብቸኛ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

«ብቸኛ ነዎት?» ሲባሉ ብዙዎች «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፉታል። ባለሙያዎች በሦስት ጥያቄ ይጠጉታል፦ አብሮኝ የሚሆን ሰው አጣሁ የሚል ስሜት ምን ያህል ይሰማዎታል? ወደ ጎን የተተዉ መስሎስ? ከሌሎች ሰዎች የተነጠሉ ያህልስ? ለእያንዳንዱ «ከስንት አንዴ»፣ «አንዳንድ ጊዜ» ወይም «ብዙ ጊዜ» ብለው ይመልሳሉ።

ሳይጠየቁም ይታያል። ለመሄድ የተነሳን እንግዳ በር ላይ አዲስ ወሬ እያነሱ ያቆዩታል። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ልብሳቸውን በጥንቃቄ ይለብሱ የነበሩት ለማን ብዬ ማለት ይጀምራሉ።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ የስሜት መውረድ፣ ይወዱት የነበረን ነገር መጥላት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት ደጋግሞ መንቃት ካለ ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት የእርጅና ጠባይ አይደለም፤ በማንኛውም ዕድሜ ይታከማል። በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ ግራ መጋባት ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ዕለቱን ይታይ።

«ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ብገላገል ይሻል ነበር» የሚሉ ቃላት ሲደጋገሙ እንደ ተራ ምሬት አይታለፉ። ራሳቸውን ስለ ማጥፋት አስበው እንደሆነ በግልጽና በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዉ፤ ሊጎዱበት የሚችሉትን መድኃኒትና ስለት ከአጠገባቸው ያርቁ፣ በዚያኑ ቀን ድንገተኛ ሕክምና ዘንድ ይዘዋቸው ይሂዱ። ሐኪሙ እስኪያያቸው ድረስም አብረዋቸው ይቀመጡ።